ባለፊርማዋ

ሰፈሩ «ባለፊርማዋ» የሚላት በአክብሮት እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ከኋላዋ ነበር የሚሏት፣ እየተሳሳቁ። ቆይቶ እሷም ሰማችና ወደደችው፤ ከዚያ ወዲያ ፊት ለፊት ተባለ፣ መጠሪያዋም ሆኖ ቀረ። ጥፋቱ የራሷ ነው። ሰው ስለ ትዳር ባነሳ ቁጥር «እኔ እንኳን ፈርሜ ነው የገባሁት» ሳትል አታልፍም። ጎረቤት ከባሏ ተጣልታ ብታለቅስላት፣ አጽናንታ አጽናንታ መጨረሻ ላይ «ባትፈርሚ ነው እንዲህ የሚጫወትብሽ» ትላታለች። እንግዳ ቤቷ ሲገባ ደግሞ ገና ወንበር ሳይስብ ዐይኗን ወደ ግድግዳው ትልካለች፤ የእንግዳው ዐይን እስኪከተላት ድረስ ሻይ የለም።

ግድግዳው ላይ የጋብቻ ወረቀታቸው በመስታወት ተደርጎ ተሰቅሏል። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ! አምስት ጊዜ ቤት ቀይረዋል፤ አምስቱንም ጊዜ ቀድሞ የሚሰቀለው እሱ ነው፣ አልጋው እንኳ የሚዘረጋው ከሱ በኋላ ነው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ አንዱን ጥግ ጣሪያ ያፈሰሰው ውሃ ነክቶታል። ከታች ሁለት ፊርማ አለ። የባልየው ጭርምት ያለች፣ የቸኮለ ሰው ፊርማ ናት። የእሷ ግን ትልልቅ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ቆሞ፣ የመጨረሻው ትንሽ ወደ ታች ወርዶ።

የዚህ ፊርማ ነገር እንዲህ ነው። ባለፊርማዋ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም። የሃያ ዓመት ልጅ ሆና፣ ሆቴል ቤት አንሶላ ስትተኩስ ነው ከባሏ ጋር የተዋወቁት። ሊጋቡ ሳምንት ሲቀራቸው «ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈርማለን» አላት። «እኔ መጻፍ የት አውቄ! ጣቴን ቀለም አስነክቼ እገባለሁ» አለችው። «ኧረ በሕግ! የኔ ሚስትማ በጣት አትገባም» አለና፣ ሰባት ቀን ሙሉ ከሥራ መልስ እየመጣ፣ እጇን በእጁ ይዞ በእርሳስ ስሟን አስተማራት። ስሟን ብቻ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ፊደል አልቆጠረችም፤ ማንበብም አትችልም። ስሟን ግን ዐይኗን ጨፍና ትጽፈዋለች። ሌላውንም ተማሪ ሲሏት «የሚያስፈልገኝን ተምሬያለሁ» ነበር መልሷ።

ባልየው የውሃ መሥሪያ ቤት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ከቤት ወደ ቤት እየዞረ፣ የቆጣሪ ክዳን እያነሳ፣ ተንበርክኮ ቁጥር የሚገለብጥ። የከተማውን ውሻ ሁሉ በጠባዩ ያውቀዋል፤ የትኛው እንደሚጮህ፣ የትኛው ሳይጮህ እንደሚነክስ። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነው፣ እሷም እቤቷ ሆና የሰው ልብስ እየተኮሰች ትደጉመዋለች። ማታ ማታ ሲገባ ጫማውን በሩ ሥር ያወልቅና እግሩን ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ይነክራል። ጉልበቱ ያብጥ ነበር። እሷ እያሸችው «ስድሳ አልሞላህም እንዴ? ምንድነው የሚጠብቁት?» ትለዋለች። ይሄ ከዛሬ ሰባት ዓመት በፊት ነው።

«ያለ እኔ አይሆንላቸውም» አላት። «ኮንትራት አራዘሙልኝ። ከኔ በላይ የከተማውን ቆጣሪ የሚያውቅ የለማ።»

አመነችው። ምን ማመን ብቻ፣ ሰፈሩን በሱ ወሬ አደነቆረችው። ልብስ ለሚያመጣላት ሁሉ «የኔ ሰውዬ እኮ ስድሳ ሞልቶት አንለቅህም አሉት» ትላለች፣ አፏን ሞልታ። ውጭ ደረቷን ነፍታ ተናግራ እቤቷ ስትገባ ያበጠውን ጉልበት ታሻለች። እሱም ዝም ብሎ ይታሻል። ጡረታ ስወጣ ይላል። ጡረታ ስወጣ በሩ ላይ ሁለት ወንበር አውጥተን ፀሐይ እንሞቃለን። ጡረታ ስወጣ የቀሩትን ፊደሎች አስተምርሻለሁ፤ ያኔ ጋዜጣ ታነቢልኛለሽ፣ የኔ ዐይን ደክሟል። «በዚህ ዕድሜዬ?» ስትለው፣ «ከዚያ በላይ ምን ሥራ ይኖረናል?» ይላታል።

በቀደም አንድ ቀን እየሳቀ ገባ። «በቃ አንቺዬ፣ አራት ወር ቀረኝ» አላት። በማግስቱ ሄዳ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ገዛች፤ ሰማያዊ።

አራቱ ወር አልሞላም። አንድ ረፋድ ላይ፣ የሰው ግቢ ውስጥ፣ ቆጣሪ ላይ እንደ ተንበረከከ ቀረ። የቤቲቱ እመቤት ቁጥር እያነበበ መስሏት ልብሷን አስጥታ ጨረሰች። «ዛሬስ ምነው ቆዩ?» ብላ ስትጠጋው ነው የጮኸችው። ወይ ጉድ! ያን ያህል ዓመት ዞሮ ዞሮ፣ እቤቱ አልጋው ላይ እንኳ አልሞተም።

ለቅሶው አልፎ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ፣ ባለፊርማዋ የመስታወቱን ፍሬም ከግድግዳው አወረደች፤ በሻርፕ ጠቀለለችው፤ ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ሄደች። ጎረቤት «ኮፒ አስነስተሽ ውሰጂ እንጂ» ቢላት አልሰማችም። ኮፒ ለሌላው ነው።

የሠራተኞች ፋይል ክፍል በደረጃ የሚወረድበት ምድር ቤት ነው። ጠረጴዛው ላይ የፋይል ክምር፣ ከክምሩ ጀርባ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት። እንባ የምታውቅ ሴት ነበረች፣ ለሐዘንተኛ ወንበር ቀድማ የምትስብ።

«ምናቸው ነዎት እናቴ?»

«ሚስቱ ነኛ።»

ፋይሉን ገለበጠችው። አንድ ገጽ ላይ ቆመች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ቆመች። «ፋይሉ እንደሱ አይልም» አለች ቀስ ብላ።

«ታዲያ ምን ይላል?»

«ያላገባ ነው የሚለው።»

ባለፊርማዋ ሳቀች። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚስቀውን ሳቅ። «የሌላ ሰው ፋይል ነው የከፈትሽው፣ ልጄ። አይዞሽ፣ ሰው ይሳሳታል» አለቻት። ሴትዮዋ ፋይሉን አዙራ ፎቶግራፉን አሳየቻት። እሱ ነው። ፀጉሩ ገና ያልሸሸ፣ የግራ ጆሮው እንደ ሁልጊዜው ወጣ ያለ። ባለፊርማዋ ክው አለች። ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወር በገባ ቁጥር ደመወዝ ሲያመጣላት፣ እዚህ ምድር ቤት ውስጥ ሚስት የሌለው ሰው ነበር። መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ የሴት ነው፣ ማንም ሴት የምታስበው፦ ሌላ ነበረችው እንዴ? ከዚያ ትዝ አላት፤ ሻርፑን ፈታ ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው! አንብቢው። እኔ ፈርሜ ነው የገባሁት።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አጠለቀች። ስታነብ መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር። ቆይታ ፈገግታው ጠፋ። ወደ ፋይሉ ሄደች፣ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች፣ በእርሳስ የሆነ ነገር ደማመረች። ተነሥታ በሩን ዘጋችው።

«እናቴ፣ ባለቤትዎ ሲያርፉ ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ስድሳ ሰባት አልፎት ነበር።»

«ፋይሉ ሃምሳ ዘጠኝ ነው የሚለው። በፋይሉ ከሄድን፣ እርስዎን ሲያገቡ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ ማለት ነው።»

«አሥራ ስድስት?» አለች ባለፊርማዋ። «ጢሙ ሙሉ ነበር እኮ!»

ሴትዮዋ ወንበሯን አስጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳቻት፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ሰውየው ሲቀጠር ስምንት ዓመት ቀንሷል። ይህ የጋብቻ ወረቀት ትክክለኛ ዕድሜውን ይናገራል። ወረቀቱ ፋይሉ ውስጥ ከገባ ሪፖርት መጻፍ ግድ ነው፤ ከስድሳ ዓመቱ በኋላ የሠራው ሁሉ አይቆጠርም፣ የበላው ደመወዝም ይመለስ ይባላል። ለእሷ ሊደርስ የሚችለው የጡረታው ግማሽ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ዕዳው ይውጠዋል፣ ባዶ እጇን ትቀራለች።

«ኮንትራትስ? አራዝመውለት የለም ወይ?»

«ምንም ኮንትራት የለም፣ እናቴ።»

ያን ሁሉ ዓመት ሰፈር ያደነቆረችበት ነገር ዐይኗ ፊት ድቅን አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሴትዮዋ ፍሬሙን አንሥታ በፊቱ ደፋችው።

«ይሄን ወረቀት እኔ አላየሁትም» አለች። «ሌላ መንገድ አለ። ጋብቻ ሳይፈጽሙ አብረው የኖሩ የሚሞሉት ፎርም አለ። ሦስት ምስክር ይዘው ይምጡ፤ ጡረታው ያው ነው፣ ሳንቲም አይጎድልም። የጋብቻ ወረቀት የለኝም ብለው መፈረም ብቻ ነው።»

«ውሽማው ነበርኩ ብዬ ልፈርም?»

«እንደሱ አይልም። አብራ የኖረች ነው የሚለው።»

«ልዩነቱ ምንድነው፣ ልጄ?»

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ በክሩ ትጫወት ጀመር።

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ የሄደችው ወደ ጎርፉ ቤት ነው። ጎርፉ የሷ ጎረቤት፣ የባሏ የሥራ ባልደረባ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ካቻምና ጡረታ ወጥቷል። ጎርፉ የተባለው ወሬ ከጀመረ የሚያቆመው ስለሌለ ነው። ያን ቀን ግን ፍሬሙን ብብቷ ሥር ሲያይ ጊዜ አፉ ተያዘ።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

«ተቀመጪ እስቲ።»

«አልቀመጥም። ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?»

አወጣው እንግዲህ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት አሥራ አንድ ሰው ባንድ ቀን ተቀጠሩ። ፎርም ታደላቸው። ፎርም የሚያድለው ጸሐፊ ቅን ሰው ነበር፤ «ሙሉ ጡረታ የሚያገኘው ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ነው፣ መውጫው ስድሳ ነው፣ ዕወቁት» አላቸው። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ፎርሙን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተያዩ። አንድም ሠላሳ ያልሞላው የለም። «ማን እንደ ጀመረው እንጃ» አለ ጎርፉ። «አንዱ አምስት ቀነስኩ አለ። ሌላው ስድስት አለ። ገበያ ሆነ በይው! ስንት ቀነስክ፣ ስንት ቀነስክ! በሳቅ ሞትን። ያን ቀን አሥራ አንዳችንም ጎረምሳ ሆነን ወደ ቤታችን ገባን።»

«እሱስ?»

«እሱ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። ስምንት ነው የቀነሰው፤ ከሁላችን በላይ። ሃያ ሦስት ዓመት አገልግዬ የምትወጣ ጡረታ፣ እኔ ብሞት ግማሿ ለሷ ምን ትሆናታለች አለ። ለአንቺ ማለቱ ነው።»

ባለፊርማዋ ፍሬሙን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ከዚያ ያገባ፣ ያላገባ የሚለው ላይ ደረሰ። ያገባ የጋብቻ ወረቀቱን አያይዞ ያቅርብ ይላል። እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። ሁላችንም ጨርሰን ተነሣን፣ እሱ እዚያው ነው። እኔ ነኝ እንግዲህ፣ አፌን ይቁረጠውና፣ ያላገባ በልና እለፈው፣ ኋላ ይስተካከላል ያልኩት። ኋላ አስተካክለዋለሁ አለ። በየዓመቱ ይለኝ ነበር። ዘንድሮ አስተካክለዋለሁ፣ ዘንድሮ እነግራታለሁ።»

«አንተስ እንዴት አለፍክ?»

ጎርፉ መሬት መሬት አየ። «እኔ ምን ነበረኝ፣ እህቴ? እኛ ወረቀት የለን፣ ዕድሜዬን የሚናገርብኝ የለ። ኋላ አብራኝ የኖረች ብዬ በምስክር አስመዘገብኳት፣ አለቀ።»

ከውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል፤ ያቺው አብራው የኖረችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ባለፊርማዋ ወደዚያ እንኳ ሳትዞር ወጣች።

ሌላ ከተማ ነርስ የሆነች አንዲት ልጅ አለቻቸው። አመሻሽ ላይ ደወለችላት። ልጅት አባቷን ገና አልቅሳ አልጨረሰችም፤ ነገሩን ስትሰማ ነደደች።

«ታዲያ እኔ ምን ልባል ነው፣ እማዬ? ዲቃላ?»

«አንቺን ማን ምን ይልሻል።»

«ተይው! ገንዘባቸውን ይብሉት። እኔ አለሁልሽ፤ ነይና እኔ ጋ ኑሪ።»

ባለፊርማዋ የልጇን ቤት ታውቀዋለች። ሁለት ክፍል፣ ሦስት ልጆች፣ ወር በደረሰ ቁጥር የሚያስፈራ የቤት ኪራይ። ባለፈው ስትሄድ ሶፋው ላይ ነበር የተኛችው፤ ልጅት ደግሞ ለእናቴ ትራስ ልጨምር ስትል ከልጆቹ ሥር ነበር ያወጣችው። «እሺ፣ አስብበታለሁ» ብላ ዘጋችው። ምን ታስባለች? የሷም የቤት ኪራይ እየደረሰ ነው፤ ልብስ በመተኮስ ብቻ እንደማትዘልቀው ታውቃለች።

ግድግዳው ላይ ፍሬሙ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ዙሪያው ጠቁሯል። በሩ ሥር ጫማው አለ፣ ከሞተ ወዲህ ያላነሣችው። ያን ጊዜ ነው የተቆጣችው። ሲሞት አልተቆጣችም፣ ያን ቀን ግን ሰው እንደሚሰማት ሁሉ ጮኸች።

«አንተ ሰው! ስምንት ዓመት ቀንሰህ አርባ ሦስት ዓመቴን ወሰድክብኝ? ምነው ብትነግረኝ? እኔ እኮ ሰው ፊት አንለቅህም አሉት እያልኩ… አንተ እግርህን እያሳሸኸኝ ዝም!»

ጫማውን ብድግ አድርጋ ልትወረውረው ነበር። እጇ ላይ ተገለበጠና ሶሉ ታያት። በውጪ በኩል ሙልጭ ብሎ አልቋል፤ መሐሉ ላይ የመኪና ጎማ ቆርጦ የለጠፈባት አለች፣ እሷም ተበልታለች። ወንበሩ ላይ፣ ከሁለቱ ሰማያዊ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠችና ጫማውን ጭኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሰባት ዓመት ከምናምን በነፃ አልሄደም። በስድሳ ሰባት ዓመቱ፣ ባበጠ ጉልበቱ፣ በየሰው በር ላይ የተንበረከከው ለዚያች ግማሽ ጡረታ ነው። ልጅቷ ተይው ትላለች። ምኑን ነው የምትተወው? ገንዘቡን ቢሆን በተወችው። እግሩን ነው ተይው የምትላት።

ጫማውን ጠርጋ ቦታው መለሰችው። ፍሬሙን በሻርፑ መልሳ ጠቀለለችና ፍራሹ ሥር፣ እሱ ይተኛበት በነበረው በኩል አስገባችው።

አሁን ምስክር ነው የሚፈለገው። ባለሱቁን ጠየቀችው፤ እሺ አለ። ጎርፉ ሳይጠየቅ እሺ ብሏል። ሦስተኛዋ ማን እንደሆነች ታውቃለች፤ ከልብስ ሰፊዋ በላይ ጎረቤት የላትም። ግን በምን አፏ? አንድ ጊዜ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ልብስ ሰፊዋ ከጎርፉ ጋር ተኳርፋ ሳለ ምን ብላት ነበር መሰላችሁ? «አንቺማ ምን ገዶሽ፣ የያዘሽ ፊርማ የለ፤ በፈለግሽ ቀን ሻንጣሽን ይዘሽ ውልቅ ነው።» ሰው ሁሉ ስቆ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ሄዳ በሯ ላይ ቆመች። የስፌት መኪናው እየሠራ ነው።

«ግቢ እንጂ እትዬ፣ ምን በር ላይ ያስቆምሻል?»

«ልለምንሽ ነው የመጣሁት።»

መኪናው ቆመ። ባለፊርማዋ አንገቷን ደፍታ ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ ያፏን ክር ሳትተፋ ሰማቻት፣ ከዚያ እንዲህ አለች፦

«እኔ? አንቺ ሳትፈርሚ ኖረሻል ብዬ እኔ ልመስክር?»

«አዎ።»

«እኔ፣ ሻንጣዬን ይዤ ውልቅ የምለዋ?»

«አዎ። ብትይኝም ይገባኛል፣ በይኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ልትላት አፏን ከፈተች፤ በጎረቤትነት ሃያ ስድስት ዓመት የቋጠረችውን ሁሉ። ከዚያ ያቺን ሐዘን የለበሰች ሴት፣ ቁመቷ ባንድ ሳምንት ያጠረባትን፣ አየቻትና አንጀቷ አልቻለም። ክሩን ተፋች። «መቼ ነው የምንሄደው?» አለች። ያን ጊዜ ነው ባለፊርማዋ ይቅርታ ያለቻት፣ ድምፅ አልወጣት ብሎ በከንፈሯ ብቻ። ልብስ ሰፊዋም «ተይ በቃ፣ ተይ፣ ሻይ ልጣድ» አለቻት።

ቀኑ ደርሶ አራቱም ምድር ቤቱ ገቡ። ሴትዮዋ መነጽሯን አጥልቃ ፎርሙን ጮክ ብላ አነበበችው፤ ሕጉ ጮክ ተብሎ ይነበብ ይላል። «እኔ ስሜ ከዚህ በላይ የተገለጸው፣ ከሟች ጋር የጋብቻ ውል ሳንፈጽም፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረን የኖርን መሆናችንን፣ ጋብቻን የሚያስረዳ ሰነድም የሌለኝ መሆኑን…»

ባለፊርማዋ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ጎርፉ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«የጋብቻ ወረቀት አለዎት ወይ፣ እናቴ?» አለች ሴትዮዋ ዐይኗን ከፎርሙ ሳታነሣ። መጠየቅ ስላለባት ነው የጠየቀችው።

«የለኝም።»

ጎርፉ ፈረመ። ባለሱቁ ፈረመ። ልብስ ሰፊዋ ፈረመች። ከዚያ እስክሪብቶው ወደሷ ዞረ፤ ሴትዮዋ የምትፈርምበትን መስመር በጣቷ አሳየቻት። ባለፊርማዋ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ጣቶቿ ሳይጠየቁ ቦታቸውን ያዙ፤ ያ ሰው ከአርባ ሦስት ዓመት በፊት፣ ከሥራ መልስ፣ እጇን በእጁ ይዞ አንድ በአንድ እንዳስያዛት። ጫፉ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ጸጉር ያህል ሲቀረው ቆመ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«መፈረም አልችልም» አለች።

«እናቴ…»

«መጻፍ አላውቅም። ጣቴን አስነኪኝ።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፍታ ዘጋችው። ጎርፉ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። የፋይል ክፍሏ ሴት ያን ወረቀት አይታዋለች፤ ትልልቆቹን ፊደሎች፣ ወደ ታች የወረደውንም የመጨረሻውን ፊደል አይታዋለች። መሳቢያዋን ስባ የቀለሙን ሳጥን አወጣች፣ ክዳኑን ከፈተችላት። በፎርሙ ጥግ ላይ «ማንበብና መጻፍ የማትችል» ብላ ጻፈች።

ባለፊርማዋ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች፤ አነሣች፤ መስመሩ ላይ አሳረፈችው።

ኮሪደሩ ላይ ልብስ ሰፊዋ ከቦርሳዋ ቁራጭ ጨርቅ አውጥታ ጣቷን ያዘቻት። ጎርፉና ባለሱቁ ወደፊት ቀድመዋል።

«ለምን እትዬ?» አለቻት እየጠረገችላት። «አንቺ እኮ ትችያለሽ።»

«እሱ ነው ያስተማረኝ» አለች ባለፊርማዋ። «ያን ፊርማ በክህደት ወረቀት ላይ አላሳርፈውም።»

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን በምራቋ አርሳ ደግማ ጠረገችላት። ቀለሙ ጣቷ ላይ እንዳለ ሁለቱ ተያይዘው ደረጃውን ወጡ፤ ውጭው ፀሐይ ነበር።